ራጁ ንጹሕ ነው፤ ልጁ ግን አይረግጥም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ ጭን አጥንት ኢንፌክሽን የተላኩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አቅርበናል። መልሱን የሰጡን አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ አንዲት የሕፃናት ሐኪምና አንድ ፋርማሲስት ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ማክሰኞ ትምህርት ቤት ኳስ ሲጫወት ወደቀ፤ ማታ ግን እየሮጠ ነው የገባው። ሐሙስ ሌሊት ትኩሳት ያዘው፣ ዓርብ ጠዋት ግራ እግሬን አላሳርፍም አለ። ወጌሻ «ወለም ብሎታል» ብሎ በቅቤ አሸው፤ ባሰበት። ፒያሳ አንድ ክሊኒክ ወስጄ ጉልበቱን ራጅ አስነሣሁት። አጥንቱ ምንም አልሆነም ተብሎ ፓራሲታሞልና አሞክሳሲሊን ተሰጠው። ዛሬ እሑድ ነው። ሽሮፑን ሲወስድ በረድ ይልለታል፤ አሁንም ግን አይረግጥም። ሰኞ ድረስ ልጠብቅ?
እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይሂዱ። (ለጠያቂዋ በስልክ ነግረናቸዋል። እዚህ የምናትመው ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥማቸው ነው።) ትኩሳት ያለበትና እግሩን መሬት አላስነካም ያለ ልጅ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የአጥንት ወይም የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን እንዳለበት ተቆጥሮ በዕለቱ ሆስፒታል ይታያል። የራጁ ንጹሕ መሆን ይህን አይለውጠውም።

ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው በራጁ ነውና መጀመሪያ እሱን እንጨርስ። ራጅ የሚያሳየው በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ማዕድን ነው። መግል መቅኒው ውስጥ መቋጠር ሲጀምር ማዕድኑ ገና በቦታው አለ። ከ30 እስከ 50 በመቶ ያህሉ ካልተሟጠጠ ፊልሙ ላይ ለውጥ አይታይም፤ ለዚህም ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን የተነሣው ራጅ ስብራት አለመኖሩን ነግሮናል፤ ለኋላም ማነጻጸሪያ ይሆናል፤ ስለዚህ ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይዘው ይሂዱ። ኢንፌክሽን የለም ለማለት ግን አይበቃም።

መውደቁም እንዲሁ ያሳስታል። ልጅ በየቀኑ ይወድቃል፤ ሲታመም ሁላችንም የምናስታውሰው የመጨረሻውን ነው። የተሰበረ ወይም ወለም ያለው እግር በወደቀበት ሰዓት ያማል። የእርስዎ ልጅ ማክሰኞ ሮጦ ገብቶ ሐሙስ ነው የታመመው፤ ወለምታ ደግሞ ትኩሳት አያመጣም። እነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ ወጌሻውን ማስቆም ነበረባቸው።

የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ባክቴሪያው ከአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ከብጉንጅ፣ ከተላጠ ጉልበት ወይም ከታከከ ቆዳ፣ ወደ ደም ይገባል፤ መግቢያው ጭራሽ የማይታወቅበትም ጊዜ ብዙ ነው። በአብዛኛው የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ሲሆን በጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይም ይኖራል። ከስድስት ወር እስከ አራት ዓመት ባሉት ልጆች ኪንጌላ ኪንጌ የሚባል ባክቴሪያም አለ፤ ትኩሳቱ ለስለስ ስለሚል ቤተሰብን ያዘናጋል። በሚያድግ ልጅ የጭን አጥንት ጫፍ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ የሚረዝምበት ልም አጥንት አለ። ከሱ አጠገብ ቀጫጭን የደም ሥሮች ቀለበት ሠርተው ይመለሳሉ፤ ደሙ እዚያ ዝግ ይላል፣ ባክቴሪያውም እዚያ ይቀራል። አጥንት እንደ ሥጋ አይለጠጥምና መግሉ ሲበዛ ግፊቱ ይወጣል፣ የደም ሥሮቹም ይጨፈለቃሉ። ቀጥሎ መግሉ አጥንቱን በስቶ ወጥቶ ከላይ ያለውን ሽፋን ከአጥንቱ ይለየዋል። ደም ከውስጥም ከሽፋኑም የተቋረጠበት አጥንት ይሞታል። የሞተ አጥንት ውስጥ ደግሞ መድኃኒት አይደርስም፤ ባክቴሪያው ተደብቆ ለዓመታት የሚኖረው እዚያ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በቀናት ውስጥ ነው።

ቤት ውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ከጤነኛው እግር ይጀምር፤ ልጁ ፈርቶ እንዳያለቅስ። ከዚያ በታመመው እግር ላይ ከጭኑ መሐል ጀምሮ በአንድ ጣት ብቻ ቀስ እያለ ወደ ጉልበት ይውረድ። የአጥንት ኢንፌክሽን ሕመም አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ልጁ ፊቱን የሚያጨማድድበት ነጥብ ይገኛል። ቆዳው ላይ መቅላትና እብጠት መጀመሪያ ላይ ላይኖር ይችላል፤ የጭን ሥጋ ወፍራም ስለሆነ ከላይ አብጦ ከታየ መግሉ ቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው።

ጉልበቴን አመመኝ የሚል ልጅ ዳሌውም ይታይ። ዳሌና ጉልበት የሚጋሩት ነርቭ ስላለ የዳሌ መግል ብዙ ጊዜ ጉልበት ላይ ያማል። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ በዳሌ መገጣጠሚያው ከረጢት ውስጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ እዚያ የጀመረ መግል በቀላሉ መገጣጠሚያው ውስጥ ይፈስሳል። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ መግል ልም አጥንቱን ይበላዋል፤ እዚህ ጋ የምንቆጥረው ቀን ሳይሆን ሰዓት ነው። ልጁ ጭኑን አጥፎና ወደ ውጭ አዙሮ ከተኛ፣ ትንሽ ሲያንቀሳቅሱትም ከጮኸ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዳሌው ነው። ሐኪሞች አራት ነገር ያያሉ፦ ትኩሳት ከ38.5 ዲግሪ በላይ፣ አለመርገጥ፣ ኢኤስአር (በደም ውስጥ ብግነትን የሚለካ ምርመራ) 40 እና ከዚያ በላይ፣ ነጭ የደም ሴል ከ12,000 በላይ። ሦስት ወይም አራቱ ከተገኙ የዳሌ መግል የመሆን ዕድሉ በጣም ከፍ ይላል። ከጉልበት ራጅ ጋር የዳሌ ራጅና አልትራሳውንድ ያልተሠራለት ልጅ ገና አልተመረመረም።

ወጌሻን በተመለከተ አንድ መስመር እናስምር። ለወለምታ የሚረዱ ልምድ ያላቸው ወጌሾች አሉ። ትኩሳት ያለበት እግር ግን አይታሽም፣ አይጎተትም፣ በቀርከሃም አይታሰርም። ማሸት መግሉን ያሰራጫል፤ ጠበቅ ያለ እስር ደግሞ ደሙን አቋርጦ እግሩን እስከማስቆረጥ ያደርሳል።

ከአራት ኪሎም ከፒያሳም ዘውዲቱ፣ ራስ ደስታና ጥቁር አንበሳ ሩቅ አይደሉም። ሪፈር ወረቀት ለመቀበል ሰኞን አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። እዚያ ሲጠየቁ «ወድቆ ነው» ብለው አይጀምሩ፤ እንደገና ወደ ራጅ ሰልፍ ነው የሚላኩት። «ትኩሳት ከያዘው አራተኛ ቀኑ ነው፤ ከዓርብ ጀምሮ አይረግጥም፤ አሞክሳሲሊን ይህን ያህል ጊዜ ወስዷል» ይበሉ፤ ጠርሙሱንም ያሳዩ። መጨረሻ የበላበትን ሰዓት ያስታውሱ፤ ለማደንዘዣ ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት መራቅ ያስፈልጋል። በመንገድ ላይ ዳቦ አያጉርሱት።

በዚያ ቀን መሠራት ያለባቸው ምርመራዎች ብዙ አይደሉም፦ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ኢኤስአር፣ ሲአርፒ (እሱም የብግነት መለኪያ ነው) እና የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አብቅሎ የሚለይ ምርመራ)። ነጭ የደም ሴል ብዙ ጊዜ ጤናማ ቁጥር ላይ ሆኖ ይገኛልና እሱን ብቻ አይቶ መመለስ ስህተት ነው። ሲአርፒ በሰዓታት ውስጥ ከፍ ይላል፤ ኢኤስአር ዘግይቶ ከፍ ይላል፣ ዘግይቶም ይወርዳል። አልትራሳውንድ በሽፋኑ ሥር የተቋጠረ መግል ያሳያል፤ ርካሽ ነው፣ ልጅ ማስተኛትም አይጠይቅም። ኤምአርአይ ከሁሉም ቀድሞ ያሳያል፤ ትንሽ ልጅ ግን ማደንዘዣ ይፈልጋል። የኤምአርአይ ቀጠሮ ለሐሙስ ነው ተብሎ ሕክምናው እስከ ሐሙስ ይቆይ አይባልም። የሚያመው ነጥብ ላይ መርፌ አስገብቶ መሳብ መልሱን በደቂቃ ይሰጣል፤ መግል ከወጣ ምርመራውም ሕክምናውም አብሮ ተጀመረ። በመርፌ የተገኘ መግል በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ መታጠብ አለበት። መግል ካልተገኘ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ተጀምሮ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይጠበቃል፤ በዚያ ጊዜ ትኩሳቱና ሕመሙ ካልቀነሰ እንደገና መግል ይፈለጋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ይህን በሽታ የሚመስሉ፣ መዘንጋት የሌለባቸው ሌሎች ሕመሞች አሉ፦ የደም ካንሰር፣ ዩዊንግ ሳርኮማ የሚባል የአጥንት ካንሰር፣ እንዲሁም በወራት የሚጎትት የአጥንት ቲቢ። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ መግሉን ሲያወጣ ከአጥንቱም ቁራጭ ወደ ፓቶሎጂ መላኩን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ካልቸር እስኪወሰድ መድኃኒት አይሰጠውም ተባልን። ለምንድን ነው? ሴፍትሪያክሶን በሰፈራችን ክሊኒክ በየቀኑ እየተወጋ ቤት ቢተኛስ?
አባት፣ ከልደታ

መልስ፦ የካልቸሩን ደም ለመውሰድ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው፤ መድኃኒቱ ከዚያ ወዲያው ይጀመራል። ውጤቱ በአብዛኛው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይመጣል፤ ያንን የሚጠብቅ የለም። ልጁ ራሱን እስከመሳት የከበደ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ይቀድማል። በተረጋጋ ልጅ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፤ አንድ መርፌ ከገባ በኋላ የተወሰደ ደም ባክቴሪያ አለማብቀሉ ብዙ ነው። ያኔ ሐኪሙ ለሳምንታት በግምት ሊሄድ ነው።

አሞክሳሲሊን ብቻውን እዚህ የማይሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ስታፊሎኮከስ (በአጭሩ ስታፍ) ፔኒሲሊንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታል፣ አሞክሳሲሊንም በዚያው ይሰበራል። የሚመረጠው ያን ኢንዛይም የሚቋቋመው ክሎክሳሲሊን ነው፦ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በደም ሥር። ሃያ ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ 1 ግራም፣ በቀን 4 ግራም ማለት ነው። ክሎክሳሲሊን የማይነካው ስታፍ ከተጠረጠረ ቫንኮማይሲን ወይም ክሊንዳማይሲን ይተካዋል። ቫንኮማይሲን ከ60 ደቂቃ ባነሰ መግባት የለበትም፤ በፍጥነት ሲገባ ፊትና አንገት ይቀላል፣ የደም ግፊትም ይወርዳል። አስታማሚ ጠብታውን «ቶሎ እንዲያልቅ» ብሎ አይክፈተው።

ሴፍትሪያክሶን መጥፎ መድኃኒት አይደለም። የማጭድ ሴል ደም ማነስ ባለባቸው ልጆች ለሚመጣው የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ተመራጭ ነው። በስታፍ ላይ ግን ክሎክሳሲሊንን አያህልም። የክሊኒኩ መርፌ ችግር ከዚህም በላይ ነው፦ ትኩሳቱን ያበርዳል፣ ሕመሙን ያለዝባል፣ መግሉ ግን ባለበት ይቆያል። በየቀኑ ጭኑን የሚዳስስ፣ ሲአርፒውን የሚከታተል ሰው በሌለበት ሁለት ሳምንት ያልፍና ልጁ አጥንቱ ሞቶ ሆስፒታል ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት አልጋ የሚያስፈልገው ለመርፌው ሳይሆን ለክትትሉ ነው።

ጥያቄ፦ ልጃችን ስድስት ቀን ተኝቶ ወጣ። ሐኪሙ ሴፋሌክሲን ሽሮፕ፣ በ5 ሚሊ 250 ሚሊ ግራም ያለውን፣ 10 ሚሊ በቀን አራት ጊዜ አዘዘ። ሁለት መድኃኒት ቤት «ይህ ለልጅ በዝቷል፤ ተሳስቶ ነው» ብለው 5 ሚሊ ሦስት ጊዜ ስጡት አሉን። ክብደቱ 20 ኪሎ ነው። ማንን እንስማ?
ወላጆች፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ ሐኪሙን። መድኃኒት ቤቶቹ በቅንነት ነው የተናገሩት፤ ለጉሮሮ ወይም ለቆዳ ኢንፌክሽን ቢሆን ልክ ነበሩ፤ የተለመደው መጠን በኪሎ በቀን ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ነው። አጥንት ግን መድኃኒት በደንብ የማይዘልቅበት ቦታ ስለሆነ በቀን በኪሎ 100 ሚሊ ግራምና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ሒሳቡ ይኸው፦ 20 ኪሎ ሲባዛ በ100፣ 2,000 ሚሊ ግራም በቀን፤ ለአራት ሲካፈል 500 ሚሊ ግራም፤ ያ 10 ሚሊ ነው። እነሱ የነገሯችሁ 750 ሚሊ ግራም በቀን ይሆናል፤ ከታዘዘው ግማሹ እንኳን አይደለም። በግማሽ መጠን ትኩሳቱ ላይመለስ ይችላል፤ አጥንቱ ውስጥ ያለው ግን አይሞትም። ሌላ ጊዜ ፋርማሲስት ሲጠራጠር ራሱ መጠኑን ከመቀየር ይልቅ ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በሽታው ምን እንደሆነም እናንተ ንገሩት።

አሁን ስለ አቅርቦቱ አስቡ። በቀን 40 ሚሊ ከሆነ ባለ 100 ሚሊው ጠርሙስ ሁለት ቀን ተኩል ነው የሚቆየው። ለ21 ቀን 840 ሚሊ ያስፈልጋል፤ ዘጠኝ ጠርሙስ። አንድ መድኃኒት ቤት ይህን ሁሉ ላይዝ ይችላልና ሁለት ጠርሙስ ሲቀራችሁ መፈለግ ጀምሩ፤ የከነማ መድኃኒት ቤቶችንም ጠይቁ። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ እንክብል መዋጥ ከቻለ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ይሻላል፦ ለ21 ቀን 84 እንክብል፤ ርካሽ ነው፣ ፍሪጅም አይፈልግም።

ዱቄቱን ለመበጥበጥ ውኃውን አፍልታችሁ በደንብ አቀዝቅዙ፤ ሙቅ ውኃ መድኃኒቱን ያበላሻል። መጀመሪያ ጠርሙሱን ደረቅ እንዳለ ነቅንቃችሁ ዱቄቱን አላቅቁት። ከምልክቱ ግማሽ ያህል ውኃ ጨምራችሁ ነቅንቁ፤ አረፋው ሲረግብ እስከ መስመሩ ሙሉት። የተበጠበጠው ፍሪጅ ውስጥ 14 ቀን ይቆያል። መብራት ቢጠፋባችሁም ጠርሙሱ በሁለት ቀን ተኩል ስለሚያልቅ አትጨነቁ፤ ዘጠኙን በአንድ ጊዜ አትበጥብጡ እንጂ። በወጥ ቤት ማንኪያ አትለኩ፤ አንዱ ማንኪያ 3 ሚሊ፣ ሌላው 7 ሚሊ ይይዛል። መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ከየትኛውም መድኃኒት ቤት ይገዛል።

ሰዓቱን ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 6፣ ከምሽቱ 12፣ ከሌሊቱ 6 አድርጉት። የሌሊቱ ከከበዳችሁ ከመኝታ በፊት ወደ 4 ሰዓት ተኩል ሊሳብ ይችላል፤ መዝለል ግን አይቻልም። ልጁ መድኃኒቱን በተቀበለ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰ ድገሙት። ሽፍታ ከነማሳከኩ ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ከመጣ በዕለቱ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።

«ትኩሳቱ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ እንተወው?» የሚል ጥያቄም ደጋግሞ ይደርሰናል። አይተውም። ቶሎ ለተያዘና መግል ላልቋጠረ በሽታ ጠቅላላው ጊዜ ዛሬ ዛሬ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ 5 ሳምንት ይላል። ዘግይቶ ለተያዘ፣ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ወይም ዳሌው ለተነካ ልጅ ከ4 እስከ 6 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የማቆሚያውን ቀን የሚወስነው የልጁ እግር፣ ሲአርፒና ራጅ አብረው ናቸው። ሲአርፒ ሕክምናው ከሠራ በሳምንት አካባቢ ወደ ጤናማው ይመለሳል፤ ኢኤስአር ግን ሦስትና አራት ሳምንት ከፍ ብሎ ቢቆይ አያስደነግጥም። ወርዶ የነበረ ሲአርፒ መልሶ ከወጣ ግን የሆነ ቦታ መግል አለ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ የሦስት ሳምንት ሕፃን ናት። ጊዜዋ ሳይደርስ ቸኩላ ስለተወለደች ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶላት ቆይታለች። ሁለት ቀን ሆናት ቀኝ እግሯን አታወራጭም፤ ዳይፐር ስንቀይር ትጮኻለች። ትኩሳት የላትም፣ ትጠባለች። ብርድ ይሆን?
አያት፣ ከአራዳ

መልስ፦ እማማ፣ ብርድ አይደለም፤ ዛሬ ሆስፒታል ትግባ። አራስ ሕፃን አጥንቷ ቢመግልም ትኩሳት ላይኖራት ይችላል፤ ነጭ የደም ሴሏም ልክ ሆኖ ይገኛል። ብቸኛው ምልክት አንዱን እግር ሽባ እንደሆነ አለማንቀሳቀስና ሲነኩት መጮህ ሊሆን ይችላል። ግሉኮስ ወይም ሌላ ቱቦ የተሰካላቸውና ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ይበልጥ ይጋለጣሉ። እስከ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በአጥንቱና በጫፉ መካከል የሚያልፉ የደም ሥሮች ስላሉ መግሉ ወደ መገጣጠሚያው ያለ ከልካይ ይሻገራል፤ ዳሌዋ በቀናት ውስጥ ሊወልቅ ይችላል። የሚታየው አንድ እግር ብቻ አይሁን፤ በአራስ ላይ ሁለትና ሦስት አጥንት አብሮ መያዙ የተለመደ ነው። አያሹአት፣ አጥብቀውም አይጠቅልሏት።

ጥያቄ፦ ይተላለፋል? የሚበላውስ? ጸበልስ እንውሰደው?
ከሰባራ ባቡር

መልስ፦ በመተንፈስ፣ አብሮ በመብላትም ሆነ በመተኛት አይተላለፍም። ከቁስሉ የሚወጣ መግል ያለበት ፋሻ ካለ በጓንት ይነካ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የሚከለከል ምግብ የለም፤ እንቁላል፣ ምስር፣ ወተት፣ ሥጋ የተገኘው ይብላ። የአጥንት ሾርባ ቢወደው ይጠጣ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ጸበል ለሚወስዱት የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መድኃኒቱ አይቋረጥ፣ ጀሶና ቁስል ያለበት እግርም አይነከር።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው። በልጅነቴ ጭኔ መግሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንዴና ሁለቴ እየተከፈተ የሚዘጋ ቀዳዳ አለኝ። በቀደም ትንሽ ቁራጭ አጥንት ወጣ። ሲብስብኝ እንክብል እገዛለሁ፤ ይደርቃል።
አንባቢ፣ ከሜክሲኮ

መልስ፦ ይህ ከላይ የተጻፈው በሽታ ሳይታከም የቀረበት መጨረሻ ነው። ቀዳዳው የሚከፈተው ውስጥ የሞተ አጥንት ስላለ ነው። እንክብሉ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያደርቃል፤ ደም የሌለው ቁራጭ ውስጥ ግን አይገባም። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፦ የሞተው አጥንት ይወጣል፣ ጉድጓዱ ደም እስኪያወጣ ድረስ ይጠረጋል፣ ባዶው ቦታ ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ በተቀላቀለበት ሲሚንቶ ይሞላል፤ ከዚያ በካልቸሩ ውጤት መሠረት ለሳምንታት መድኃኒት ይከተላል። ቁራጩን በራስዎ ጎትተው አያውጡት።

ለቀጠሮው ሲዘጋጁ ሦስት ነገር ያስፈልግዎታል። ከዳሌ እስከ ጉልበት ሙሉ ጭንዎን ከፊትና ከጎን የሚያሳይ ራጅ፣ የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ፣ እንዲሁም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው ትኩሳት ከሌለ ሁለት ሳምንት ያህል ያለ አንቲባዮቲክ መቆየት፤ ከአጥንቱ የሚወሰደው ናሙና እንዲያበቅል። ከቀዳዳው አፍ በጥጥ የተወሰደ ካልቸር የቆዳውን ባክቴሪያ ነው የሚያሳየው፤ በሱ ተመርተው መድኃኒት አይግዙ። ሲጋራ ካጨሱ አሁን ያቁሙ፤ አጥንት እንዳይድን ያደርጋል። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ አበባ ጎመን ካበጠ፣ ሽታው ከተለወጠ ወይም በቀላሉ ከደማ ግን ቀጠሮዎን ያስቀድሙ፤ ለብዙ ዓመታት የፈሰሰ ቁስል ወደ ቆዳ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል፣ ናሙና መወሰድ አለበት። ድንገት ትኩሳትና ከባድ ሕመም ከተነሣ የሚሄዱት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የጭን አጥንቱ ታጥቦ ድኗል። አሁን በክራንች ነው። እግሩ ያጥራል ይሉኛል፤ እውነት ነው? ኳስስ መቼ ይጫወታል?
እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ሊያጥር ይችላል፣ አንዳንዴም በተቃራኒው ይረዝማል፤ አብዛኞቹ በጊዜ የታከሙ ልጆች ግን ምንም አይሆኑም። የጭን አጥንት ርዝመት 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከጉልበት በላይ ካለው ጫፍ ነው፤ በዓመት 9 ሚሊ ሜትር ገደማ። ያ ክፍል በሰባት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ቢሞት ወንድ ልጅ እድገቱን እስኪጨርስ ድረስ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጎድለዋል። በከፊል ከተጎዳ ደግሞ ጉልበቱ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ይህ በመጀመሪያው ወር አይታይም፤ ስለዚህ ቁስሉ ዳነ ብለው ክትትሉን አያቋርጡ። በ6 ሳምንት፣ በ3 ወር፣ በ6 ወር፣ በዓመት፣ ከዚያም እድገቱ እስኪያበቃ በየዓመቱ ይለካ። እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያለ ልዩነት በጫማ ሶል ይስተካከላል፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ሐኪሙ ጊዜውን ጠብቆ የጤነኛውን እግር እድገት በማቆም ወይም የታመመውን በማስረዘም ያስተካክለዋል።

ክራንቹን የሚያስጥለው የሕመሙ መጥፋት ሳይሆን ራጁ ነው። የመገለ አጥንት ለወራት ደካማ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙም መግሉን ለማውጣት ቀዳዳ ከፍቶበታል። በዚያ ቀዳዳ ላይ በቀላል መጠምዘዝ የሚሰበር ልጅ አለ። ትምህርት ቤት በክራንች መሄድ ይችላል፤ ደረጃ ካለ ክፍሉ ምድር ቤት እንዲሆንለት ይጠይቁ፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜም አይግባ። ኳስ የሚፈቀደው ራጁ ላይ አጥንቱ ሲሞላ፣ ጉልበቱ እንደ ሌላኛው ሲታጠፍና በአንድ እግሩ ዘሎ ሳያመው ሲያርፍ ነው። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል። እስከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር አሥር ጊዜ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ የጭኑን ጡንቻ አምስት ሰከንድ ያጥብቅ፤ የሳሳው ጡንቻ የሚመለሰው በዚህ ነው።